የኮልፌ ልጆች የተማሩባቸው ደጆች

አዲስ አበባ ከተማ ከመባሏ በፊት ቀራንዮ መድኃኔዓለም ነበር። አረጋውያን የደብሩን ተከላ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ይወስዱታል። ዛሬ «ኮልፌ ቀራንዮ» ከምንለው የክፍለ ከተማ ስም ግማሹን ያዋጣውም ይኸው ደብር ነው። ደብር ባለበት የኔታ አሉ፤ የኔታ ባሉበት ደግሞ ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከደጀ ሰላም ጥግ ተኮልኩለው ሀ ሁ የሚሉ ልጆች አይጠፉም። የምናወራለት ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ጥላ ሥር ነው።

የቄስ ትምህርት ቤት ደመወዝተኛ መምህርም ሆነ የተወሰነ ክፍያ አልነበረውም። ያለው ወላጅ ለየኔታ እህል ይሰፍራል። የሌለው ልጁን ብቻ ይልካል፤ ልጁም ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። ከፊደል ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወደ ዳዊት ይሻገራል። ከዳዊት በኋላ ልቡ የገፋፋው ደግሞ ቤቱን ትቶ ይወጣል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ለዚህ ልጅ ልመናው ውርደት አልነበረም። የመንደሩ ቁራሽ እንጀራ የትምህርት ቤቱ በጀት ነበር ማለት ይቻላል። በእስልምናውም በኩል መንገዱ ተመሳሳይ ነው። ሎህ ላይ በከሰል ቀለም የተጻፈውን እያነበነበ፣ እያጠበ፣ እንደገና እየጻፈ ቁርኣን የሚያኸትም የድኃ ልጅ፣ ከዚያ አልፎ ሼኹ ካሉበት ሄዶ ደረሳ ሲሆን የሚያበላው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ከደበሎ ወደ መሪጌትነት፣ ከደረሳነት ወደ ሼኽነት የወጣው ሰው ብዙ ነው። ድኃ ልጅ ተምሮ ሰው የሚሆንበት ሌላ በር በሌለበት ዘመን እነዚህ ሁለት በሮች ክፍት ነበሩ። ሁለቱም ፊደሉን የሚሰጡት ከእንጀራ ጋር ነበር። ይህን ነገር አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዘመናዊ የሚባለው ትምህርት ሲመጣ ወደ ኮልፌ በኩል ቶሎ አልዞረም። የስዊድኑ ሚሲዮናዊ ካርል ሴደርክቪስት በ1897 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት ጀመረ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ተከፈተ፤ ያ ደግሞ በመጀመሪያ የመኳንንት ልጆች ቦታ ነበር። የከተማዋ ምዕራባዊ ጠርዝ ለጊዜው የባሕር ዛፍና የገጠር መንገድ አገር ሆኖ ቀረ። ጠርዝነቱም ነው አዲሱን ታሪኩን የወሰነው፤ ከተማ ማየት የማትወደውን ሰው የምታወጣው ወደ ጠርዟ ነውና።

በ1920ዎቹ አጋማሽ የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሐኪም የነበሩት ዶክተር ቶማስ ላምቢ ከከተማው በስተደቡብ ምዕራብ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል አሠሩ። ሆስፒታሉ በአፍላ ዕድሜዋ ባረፈችው በንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ። ሰፈሩም እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ ነው። በሽታው ፈውስ ባልነበረው በዚያ ዘመን ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከአርሲ በእግርና በበቅሎ እየተነሡ ወደዚያ የመጡ ሕሙማን ተመልሰው አልሄዱም። አገራቸው አይቀበላቸውም። በሆስፒታሉ አጥር ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ፣ ተጋቡ፣ ወለዱ።

በዚያ ሰፈር የአቡነ ገብረ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን መኖሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ገድሉን የሚያውቅ ያውቀዋል። ገብረ ክርስቶስ የንጉሥ ቴዎዶስዮስ ልጅ ነበር። በሠርጉ ሌሊት ሙሽራዪቱንና ቤተ መንግሥቱን ትቶ ወጣ፤ መልኩ እንዲለወጥ ለምኖ ሰውነቱ ቆሰለ። በመጨረሻም ማንም ሳያውቀው በገዛ አባቱ ደጅ ለዓመታት እንደ ነዳይ ከውሾች ጋር ኖረ። ጥቅምት 14 ቀን በዓሉ ሲከበር ጣታቸውን በሽታው የወሰደባቸው አባቶችና እናቶች በደጁ ተሰብስበው ያነግሡታል። የተገፋ ሰው የራሱን መልክ ያየበት ቅዱስ ነው። ለልጆቻቸውም ያ ቅጽር የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነበር። የኔታ ዘንድ ፊደል ለመቁጠር የማን ልጅ እንደሆኑ የሚጠይቃቸው አልነበረም።

ሌላ ቦታ ግን ይጠየቁ ነበር። ልጁ ጤነኛ ነው፤ በሽታው በዘር አይተላለፍም። ሆኖም «የቆማጣ ልጅ» ተብሎ አጠገቡ የሚቀመጥ ይጠፋል። ዛሬ አባባሉን መጻፍ እንኳ ይከብዳል። ነገር ግን ስሙ ሳይነሣ በደሉ አይገባንም፤ በዚያ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ሰው የትውልድ ቦታውን ሲጠየቅ «አየር ጤና» ወይም «ጦር ኃይሎች» ብሎ ማለፍን የተማረው ገና በልጅነቱ ነው።

የጣሊያን ወረራ ያገኘውን ሁሉ አፈራረሰ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የተማሩ ወጣቶች እየታደኑ ተገደሉ። አገሪቱ ነፃ ስትወጣ የተማረ ሰው ረሃብ ይዟት ነበር። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሩን ለሁለት ከፈለው፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የበዙባቸው አካባቢዎች ለስብከት ዝግ ሆኑ፣ ሌሎቹ ክፍት። አዲስ አበባ ከክፍቶቹ ወገን ተመደበች፤ የማስተማሪያው ቋንቋም አማርኛ እንዲሆን ተደነገገ። ይህ አንድ ውሳኔ የመዲናዋን ድኃ ሰፈሮች ለካቶሊክ ገዳማውያን፣ ለወንጌላውያንና ለሌሎችም ትምህርት ቤቶች ከፈተ። ሙስሊሙ ማኅበረሰብም በበኩሉ መድረሳዎቹን ማደራጀት ጀመረ። በንጉሡ ዘመን በምዕራብ አዲስ አበባ የተመሠረተው አወሊያ የሃይማኖቱን ትምህርት ከመንግሥት ሥርዓተ ትምህርት ጋር አጣምሮ ለመስጠት የተነሣ ነበር። ከጉራጌና ከስልጤ ምድር መጥቶ ኮልፌ አጠና ተራ ላይ ጭነት እየተሸከመ፣ መርካቶ ወርዶ እየቸረቸረ ለሚያድር አባት ልጁን ከዲኑ ሳይለይ የሒሳብና የሳይንስ ደብተር የሚያስይዝ ቦታ ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኮልፌ አንድ እንግዳ ተቀበለች። የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ የላካቸው ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና ሊወስዱ እዚያ በነበረው የፖሊስ ፈጥኖ ደራሽ ሰፈር ገቡ። የሥልጠናው የበላይ ኃላፊ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ስድስት ወር የታቀደው ሥልጠና በሳምንታት ውስጥ ከአገራቸው ጥሪ መጥቶ ተቋረጠ፤ ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ ታሰሩ። ስለ ማንዴላና ስለ ኮልፌ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው ጠመንጃው ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። እኚህ ሰው ኩኑ በምትባል የገጠር መንደር ያደጉ፣ ወላጆቻቸው ማንበብና መጻፍ የማያውቁ ልጅ ነበሩ። ሰባት ዓመት ሲሞላቸው የሜቶዲስት ሚሽን ትምህርት ቤት ገቡ። ለትምህርት ቤቱ የሚሆን ልብስ ስላልነበራቸው አባታቸው የገዛ ሱሪያቸውን ከጉልበት ላይ ቆርጠው፣ ወገቡን በገመድ አስረው አለበሷቸው። «ኔልሰን» የሚለውን ስም ያወጣችላቸውም የዚያ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ከዚያ በኋላም የተማሩት በሚሽን ትምህርት ቤቶች ነው። ታደሰ ብሩም ኋላ «የፊደል ሠራዊት» የተባለውን ማይምነትን የማጥፊያ ዘመቻ መርተዋል። በዚያ ክረምት ኮልፌ ላይ የተገናኙት ሁለት ሰዎች ፊደል ለተገፋ ሰው ምን እንደሚያደርግለት በሕይወታቸው የሚያውቁ ነበሩ።

በዘነበወርቅ ደግሞ በታኅሣሥ 1958 ዓ.ም. ሆስፒታሉ አለርት ተብሎ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከል ሆነ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1956 ዓ.ም. ገደማ፣ የከተማው ቆሻሻ ከዚያው ከሆስፒታሉ ብዙ በማይርቀው ረጲ መደፋት ጀምሮ ነበር። ቆሼ የምንለው ነው። ሕመምተኛውንም ቆሻሻውንም ከዓይን ለማራቅ የተመረጠው ያው ጠርዝ መሆኑን ሳስብ ያመኛል። በቆሼ ላይ ብረት፣ ፕላስቲክና የተረፈ ምግብ እየለቀመ የሚያድር ሕዝብ ተፈጠረ። ከወላጁ ጋር ጠዋት ወጥቶ ሲለቅም የሚውል ልጅ ትምህርት ቤት ይግባ ቢባል የዕለት ምሳው ከየት ይመጣል? የድኃ ልጅ ትምህርት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ የመለሱለትም የሃይማኖት በጎ አድራጎት ደጆች ናቸው።

ወደ 1963 ዓ.ም. አካባቢ ዶክተር ሚናስ ኅሩይ የመሠረቱት ሆፕ ኢንተርፕራይዝስ በክርስቲያናዊ መንፈስ የጎዳና ልጆችን ማብላት ጀመረ። ለነዳይ ሳንቲም ከመስጠት የምግብ ኩፖን ገዝቶ መስጠትን የከተማው ሰው የለመደው ከእነርሱ ነው። ድርጅቱ ከማብላት ተነሥቶ ወደ ማስተማር ሄደ፤ ትምህርት ቤቶች ከፈተ፣ ኋላም ኮሌጅ አቆመ። በ1965 ዓ.ም. ገደማ እማሆይ ቴሬዛ ከንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ አግኝተው መነኮሳት እህቶቻቸውን ወደ ኢትዮጵያ አስገቡ። ሁለቱም ሥራቸውን የጀመሩት ከረሃብ ነው።

አብዮቱ መጣ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የግል ትምህርት ቤቶች በሕዝብ ይዞታ ሥር እንዲሆኑ ታወጀ፤ ብዙ የሚሲዮን ትምህርት ቤቶችም አብረው ሄዱ። ለፍትሕ ሲባል መነገር ያለበት ነገር አለ፤ ደርግ ትምህርትን ለድኃው ለማዳረስ የደከመው ድካም የውሸት አልነበረም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል፤ በኮልፌም የቀበሌ አዳራሾች ማታ ማታ በሽማግሌዎችና በባልቴቶች ይሞሉ ነበር። ግን በዚያው ሐምሌ የመካነ ኢየሱስ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተገደሉ። በዚያው ሰሞን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። ሁለቱም ቤተ ክርስቲያናቸው ለድኃው ሰውነትም ለነፍሱም መቆም አለባት ብለው የሠሩ መሪዎች ነበሩ። ፊደል በአንድ እጅ ሲሰጥ አስተማሪው በሌላው እጅ የተገደለበት ዘመን ነው።

በ1972 ዓ.ም. አንዲት ሴት ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄዱ። ወሎ ተርባ ነበር። ወይዘሮ አበበች ጎበና በመንገዳቸው በረሃብ ከሞተች እናቷ ጡት ላይ ያለች ሕፃን አገኙ፤ ከሌላ ወላጅ አልባ ልጅ ጋር ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። በዚህ የተነሣ ትዳራቸው ፈረሰ፤ ከልጆቹ ጋር ከቤት ወጥተው እንጀራና ቆሎ እየሸጡ አሳደጓቸው። ኋላ ድርጅቱ ሕጋዊ ሆኖ ትምህርት ቤት፣ የሙያ ማሠልጠኛና መዋዕለ ሕፃናት አቋቋመ። ወይዘሮ አበበች ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ የኢትዮጵያ እናት ተብለው ተለቀሰላቸው። እኚህን ሴት ኮልፌ ላይ ባይኖሩም የማነሣቸው በምክንያት ነው። ከውጭ ገንዘብና ከሚሲዮን በፊት፣ ልሳለም ብሎ የወጣ ሰው ይዞት የተመለሰው በረከት ትምህርት ቤት ሊሆን እንደሚችል ያሳዩ ናቸውና።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሁኔታው በአንድ ጊዜ ተለወጠ። በየሰፈሩ «ድርጅት» በዛ። በኮልፌ ልጆች መካከል «ስፖንሰር አለው»፣ «ፕሮጀክት ነው የሚማረው» የሚሉ ቃላት የዕለት ንግግር ሆኑ። ኮምፓሽን የተባለው የሕፃናት ረድኤት ድርጅት በ1985 ዓ.ም. ገደማ ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ጋር ሥራ ሲጀምር ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች በቤተ ክርስቲያን ግቢ ይሰበሰቡ ጀመር። ምሳ ይበላሉ፣ ይማራሉ፣ ይታከማሉ፣ በዓመት ደብተርና ዩኒፎርም ይሰጣቸዋል፤ ባሕር ማዶ ላለ ረዳታቸውም ደብዳቤ ይጽፋሉ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት ፖሊሲ መሠረት የመንግሥት ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል ያለ ክፍያ ሆነ። ነገር ግን ደብተር፣ ጫማና ቁርስ ነፃ አልሆኑም። የድኃ ልጅ ከክፍል የሚቀረው በክፍያ ሳይሆን በእነዚህ ነበር፤ በጎ አድራጊዎቹ የሞሉትም ይህን ክፍተት ነው።

ሁሉም ነገር ያማረ አልነበረም። ልጁ ፎቶ ተነሥቶ ድህነቱን በገዛ ፊቱ እንዲያሳይ የሚደረግበት አሠራር ነበር። እርዳታው የሃይማኖት መለወጫ ነው ብለው ልጃቸውን ያስቀሩ ወላጆች ነበሩ፤ ፍርሃታቸው መሠረት የለሽ ነበር ማለት አልችልም። አንዱ ልጅ ስፖንሰር አግኝቶ ታናሹ ሲቀር በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ልጅ ይኖራል። ለረሃብተኛ ልጅ እንጀራ ሲሰጡ ከእምነቱ ጋር መደራደር ነውር ነው፤ የሚሰጠው ማንም ይሁን ማን። አወሊያም በ2004 ዓ.ም. አስተዳደሩን በተመለከተ በተነሣው ውዝግብ ስሙ በመላ አገሪቱ ሲነሣ፣ በግቢው ይማሩ የነበሩት ልጆች ጉዳይ ከፖለቲካው ኋላ ቀረ። ይህም ያሳዝነኛል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት በእነዚያው ዓመታት ኤችአይቪ የአዲስ አበባን ድኃ ሰፈሮች ወላጅ አልባ አደረጋቸው። በአስኮ የእማሆይ ቴሬዛ እህቶች ከቫይረሱ ጋር የተወለዱ ሕፃናትን በመቶዎች ሰብስበው ያሳድጉ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሥራቸው ልጆቹ በክብር እንዲሞቱ ማድረግ ነበር፤ መድኃኒት አልነበረምና። በጥር 1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ሞታቸው ይጠበቅ የነበረ ልጆች አደጉ። ትምህርት ቤት፣ ደብተር፣ ከዚያም ሥራ ጠየቁ። ለመቃብር የተዘጋጀ ቤት በድንገት የቤት ሥራ የሚሠራበት ቤት ሆነ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ልቤን ደስ የሚያሰኘው ነገር የለም።

በሥጋ ደዌም ላይ ጊዜው ተለውጦ ነበር። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተቀናጀው መድኃኒት በሽታውን የሚፈወስ አደረገው፤ አዲስ የሚያዝ ሰው ቀነሰ። የቀረው ድህነቱ ነው። የሕሙማኑ ልጆችና የልጅ ልጆች በቆሼ ዙሪያ ኖሩ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት የቆሼ ተራራ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አገሪቱ ሦስት ቀን ሐዘን አወጀች። ለቀናት ኤክስካቫተር ሲቆፍር፣ በአንድ በኩል ካህናት በሌላ በኩል ሼኾች ቀባሪ ሆነው ቆሙ። አስከሬኑ ለሁለት ይከፈል እንጂ ልቅሶው አንድ ነበር። በናዳው የጠፉት ልጆች ደብተር የነበራቸው፣ ሰኞ ጠዋት ክፍል ይጠበቁ የነበሩ ልጆች ናቸው።

በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ሕፃናት ምግብ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ማቅረብ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ልብ በሉልኝ ያልኩት ነገር ይኸው ነው። የኔታና ሼኹ፣ የመንደሩ ቁራሽና ዘካ፣ ኋላም ሆፕና የእማሆይ ቴሬዛ እህቶች ለዘመናት የሚያውቁትን ነገር ከተማዋ የራሷ አደረገችው፤ የራበው ልጅ አይማርም። ኮልፌ ቀራንዮ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ብቻ ከ400 ሺህ በላይ ሕዝብ የተቆጠረበት ክፍለ ከተማ ነው። ይህን ያህል ሕዝብ ልጆች በኩፖንና በስፖንሰር ማብላት የሚቻል አልነበረምና ውሳኔው ትክክለኛ ነው።

ነገር ግን ዳቦው ሲገኝ ፊደሉ ላልቶ ተገኘ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 845 ሺህ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። በመላ አገሪቱ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ አገሩ ሁሉ ነው፤ ሸክሙ ግን የሚከብደው ቤቱ አስጠኚ መቅጠር በማይችል፣ ወላጁ ደብተሩን ገልጦ ማየት በማይችል ልጅ ላይ ነው። ያ ልጅ ዛሬም ዘነበወርቅ፣ ካራ ቆሬና ሎሚ ሜዳ አለ።

ስለዚህ ይህን ለምታነቡ፣ በተለይ በየኔታ ወይም በሼኹ ደጅ ፊደል ቆጥራችሁ፣ በአንድ ድርጅት ምሳ በልታችሁ፣ በማታውቁት ሰው ስም በተከፈለ ክፍያ ተምራችሁ ዛሬ ሐኪም፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ መምህር ለሆናችሁ የምለው አለኝ። በኮልፌ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ግቢ ከሥርዓቱ ሰዓት ውጭ ባዶ የሚውሉ አዳራሾች አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ስጡ። ሒሳብና እንግሊዝኛ ይዛችሁ ሂዱ፣ ልጁን የማን ልጅ እንደሆነ ሳትጠይቁ አጠገቡ ተቀመጡ።